ኦቲዝም ያለው ልጅ ከሚያሳድግ ቤተሰብ ጎን መቆም፦ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ዘመዶችና ወዳጆች

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለወላጆቹ ብቻ አይደለም። ይበልጡን የጻፍኩት ለእርስዎ ነው፤ ለአክስት፣ ለአጎት፣ ለክርስትና እናት፣ ለማኅበር ጓደኛ፣ ለዕድር አባል፣ በር ለበር ለሚኖር ጎረቤት። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኦቲዝም ያለው ልጅ የሚያሳድጉ የእኛ ቤተሰቦች ምክር አልቸገራቸውም። ምክርማ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ገበያ ይከተላቸዋል። የቸገራቸው ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ቀጠሮ የሚያስታውስ፣ ስብሰባ ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ተቀብሎ ሁለት ሰዓት እንዲተኙ የሚያደርግ ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የሚሠራ ሥራ ነው። አንድ ሰው ሁሉንም አይችለውም፤ አንዱን ይያዙ፣ የቀረውን ለሌሎች ያካፍሉ።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2025 ባወጣው ዘገባ፣ በተጠኑት አካባቢዎች ከ31 የ8 ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ተለይቷል። ይህ ማለት እርስዎ በሚያውቁት ማኅበር ወይም ዕድር ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አለ፤ ምናልባት ልጁን ይዞ ወደ ሰው መሃል መውጣት ስላቆመ ነው ያላዩት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ ያዳምጡ

ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። በ18 ወሩ ደስ ያለውን ነገር ለማሳየት በጣቱ አይጠቁምም። ይላቸው የነበሩ ጥቂት ቃላት ጠፍተዋል። መኪናውን ከመንዳት ይልቅ ጎማውን ብቻ ያሽከረክራል። እናት ይህን ከማንም በፊት ታያለች። ለመናገር የምትፈራው የሚመለስላትን ስለምታውቅ ነው፦ «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው»፣ «ሁለት ቋንቋ ተደባልቆበት ነው»፣ «ዓይን ነው»፣ «ቴሌቪዥን ላይ ጥላችሁት ነው»። ይህ ሁሉ የሚባለው ለማጽናናት ነው። የሚያስከትለው ግን ሳይመረመር የሚያልፍ አንድ ዓመት ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ አንድ ዓመት የዕድሜው ግማሽ ነው።

እናት ወይም አባት ነገሩን ሲያነሡልዎ «ምን አያችሁ? ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ይጠይቁ። የነገሯችሁን ከነቀኑ ይጻፉላቸው። ያሳሰባቸውን ነገር በስልካቸው አጭር ቪዲዮ እንዲቀርጹም ይንገሯቸው። ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ልጁ ፈርቶ ጥግ ቢይዝ ወይም ተኝቶ ቢመጣ ምንም ሳይታይ ይቀራል።

ወላጆቹ ምንም ሳይሉ እርስዎ አስተውለው ከሆነ፣ በልደት ወይም በክርስትና ድግስ መሃል አያንሡት። ብቻዋን ሲያገኟት፣ የበሽታ ስም ሳይጠሩ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሯት፦ «ባለፈው ደጋግሜ ስጠራው አልዞረም፤ ጆሮውን አስመርምረሽው ታውቂያለሽ?» የመስማት ምርመራ በማንኛውም መንገድ ከመጀመሪያዎቹ ምርመራዎች አንዱ ስለሆነ፣ ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በሩንም ይከፍታል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው ይያዙ። ኦቲዝም እርግማን አይደለም፤ እናት በእርግዝናዋ ወራት ሌሊት ሥራ ስለገባች የመጣ አይደለም፤ ከክትባትም አይመጣም። የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የ1998 ጽሑፍ ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 ሽሮታል። ወሬው ግን አልሞተም። በሚኒሶታ የሶማሌ ወላጆች በዚህ ወሬ ተጨንቀው ልጆቻቸውን ማስከተብ በመተዋቸው በ2017 ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰው ታሟል፤ አብዛኞቹ የእነርሱ ሕፃናት ነበሩ። ያው ወሬ በቴሌግራም ሲደርስዎ ለማንም አያስተላልፉት።

2. ሁለቱን በሮች በአንድ ሳምንት ያንኳኩ

አንዱ በር የሐኪም ነው፣ ሌላው የመንግሥት ነው። ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው እስኪከፈት ሁለተኛውን ሳያንኳኳ ይቀመጣል። ይህ አያስፈልግም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የሐኪሙ ውጤት ለኢንሹራንስና ለሕክምና ይጠቅማል፤ የትምህርት ቤቱ ውሳኔ ደግሞ ልጁ ልዩ ትምህርት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለውን ይመልሳል።

በሐኪሙ በኩል፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ማንኛውም ልጅ በ18 እና በ24 ወሩ ስለ ኦቲዝም በመጠይቅ እንዲታይ ይመክራል። መጠይቁ ካልተሰጣቸው እንዲጠይቁ ይንገሯቸው። ሐኪሙ ወደ ስፔሻሊስት ሲልካቸው ተራው ብዙ ወር ሊወስድ ይችላል። በዋሽንግተን ችልድረንስ ናሽናል፣ በባልቲሞር ኬኔዲ ክሪገር የሚባሉት የሕክምና ተቋማት የታወቁ ናቸው፤ ከአንድ በላይ ቦታ ይመዝገቡ፤ ሰው ቀጠሮ ሲሰርዝ እንዲደወልላቸውም በግልጽ ይጠይቁ። እዚህ ላይ የእርስዎ ሥራ ስልኩን መያዝ ነው፤ በሥራ ሰዓት አርባ ደቂቃ ስልክ ላይ መጠበቅ ለታክሲ ነጂ አባትና ለሆስፒታል ረዳት እናት ቀላል አይደለም።

በመንግሥት በኩል መንገዱ በልጁ ዕድሜ ይለያል። ከ3 ዓመት በታች ከሆነ በዲሲ ስትሮንግ ስታርት፣ በሜሪላንድ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ፣ በቨርጂኒያ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። የሐኪም ወረቀት አይጠይቁም፤ ወላጅ ራሱ ደውሎ «ልጄን እዩልኝ» ማለት ይችላል፤ ምርመራው ነፃ ነው። ከተደወለበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራው ተጠናቆ፣ ልጁ ብቁ ከሆነ የቤተሰቡ የአገልግሎት ዕቅድ ስብሰባ መደረግ አለበት። ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ ኃላፊነቱ የሰፈሩ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው፤ ልጁ ገና ትምህርት ባይጀምርም፣ ቤት ከአያቱ ጋር ቢውልም። በዲሲ ኧርሊ ስቴጅስ የሚባለው ማዕከል ከ2 ዓመት ከ8 ወር ጀምሮ ያሉትን ይመረምራል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ወደ አውራጃው የትምህርት ቤቶች ቢሮ ደውለው «ቻይልድ ፋይንድ» ይበሉ፤ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ፈልጎ የሚመረምረው አገልግሎት ስሙ ይህ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ነገር ስለሚያስፈራ ወላጆቹ ላይጠይቁዎ ይችላሉ፤ እርስዎ ቀድመው ይንገሯቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እንደወሰነው የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጅን በስደተኝነት ሁኔታው ምክንያት ሊከለክል አይችልም። ልዩ ትምህርትም የትምህርቱ አካል ነው።

3. ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ገጽ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ። እናት መምህሯን በር ላይ አግኝታ «ልጄ አይናገርም፣ እርዱኝ» ትላለች፤ መምህሯም በቅንነት «እሺ፣ እንከታተለዋለን» ትላታለች። ወራት ያልፋሉ። የቃል ጥያቄ ቀን የለውም፤ ቀን የሌለው ጥያቄ ደግሞ የሚቆጠርለት ጊዜ የለም።

ደብዳቤው አጭር ነው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው እንዲህ አድርጎ ይገልብጥላቸው፦

«ቀን፦ … ለርዕሰ መምህሩና ለልዩ ትምህርት ክፍል፦ እኔ የተማሪ … ወላጅ ነኝ። የተወለደው … ነው። ልጄ የአካል ጉዳት ሊኖረው ይችላል ብዬ ስለማምን በልዩ ትምህርት ሕጉ መሠረት በሚያሳስቡ ዘርፎች ሁሉ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። ያስተዋልኩት፦ … የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነው። የፈቃድ ቅጹን በአማርኛ ላኩልኝ፤ በስብሰባውም አስተርጓሚ እንዲኖር እጠይቃለሁ። ፊርማ።»

በኢሜይል ይላኩት፤ ወይም በእጅ ሰጥተው ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ያስፈርሙ። የፌዴራሉ ሕግ ምርመራው ወላጅ ፈቃዱን ከሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን እንዲያልቅ ያዛል፣ ግዛቶች የራሳቸውን ጊዜ ካላወጡ በቀር፤ ቨርጂኒያ ለምሳሌ 65 የሥራ ቀን ትላለች። ቀኑን በእርስዎም ስልክ ላይ ይመዝግቡትና ሲቃረብ ይደውሉላቸው።

ከዚያው ቀን ጀምሮ አንድ ወፍራም ማኅደር ይግዙላቸው። የልደት ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የሐኪም ውጤት፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ማንኛውም ወረቀት፣ የተላከ ኢሜይል ሁሉ እየታተመ በቀን ቅደም ተከተል ይግባ። ቤት ሲቀይሩ ከወርቁ ጋር አብሮ የሚጓዝ ማኅደር ይሁን።

አንድ የተለመደ መልስ አለ፤ «መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይልመድ፣ ከዚያ እናየዋለን» የሚል። ሕጉ ልጅ እንግሊዝኛ ባለመቻሉ ብቻ አካል ጉዳተኛ ተብሎ እንዳይመደብ ይከለክላል፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ምርመራን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም። ትክክለኛው መንገድ ልጁን በሚረዳው ቋንቋ መመርመር ነው። በአማርኛም የማይናገር፣ በአማርኛም ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ችግሩ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ይህንን ለመርማሪው የሚነግረው ደግሞ ቤተሰቡ ነው።

4. አስተርጓሚ

እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ቢናገሩም አስተርጓሚ እርስዎ አይሁኑ። የሚያስተረጉም ሰው አያስታውስም፣ አይጽፍም፣ አይጠይቅም፤ አፉና ጆሮው ተይዟል። እርስዎ የመጡት አጠገባቸው ለመቀመጥ ነው። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱና የሆስፒታሉ ግዴታ ነው፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በዲሲ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ በዚህ ሕግ የዲሲ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። ታላቅ እህቱን ወይም ወንድሙን አስተርጓሚ ማድረግ ግን በፍጹም አይገባም። የ11 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ የሚባለውን ክፉም ደግም በአፏ እያዞረች ለእናቷ ማቀበል የለባትም።

ብዙዎች አስተርጓሚ የማይጠይቁት በሌላ ምክንያት ነው፤ የሚመጣው ሰው የሚያውቃቸው እንዳይሆን ይፈራሉ። ከተማው ትልቅ ቢሆንም እኛ እንተዋወቃለን። መፍትሔ አለው፦ በስልክ የሚሠራ፣ ሌላ ግዛት ያለ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ስማቸውም እንዳይነገር ማለት ይችላሉ። ወላጆቹ በትግርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተሻለ የሚገባቸው ከሆነም «ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ» ተብሎ አማርኛ አይሰጣቸው፤ የሚሻላቸውን ራሳቸው ይምረጡ።

5. ስብሰባው

ልጁ ብቁ ነው ከተባለ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ አይ.ኢ.ፒ. የሚባለውን የግል የትምህርት ዕቅድ ለማውጣት ስብሰባ ይጠራል። አምስት ስድስት ባለሙያ ከአንድ ጠረጴዛ ወዲያ፣ ከወዲህ አንዲት እናት። ይህን ሚዛን መለወጥ ይቻላል፤ ሕጉ ወላጅ ልጁን የሚያውቅ ሰው ይዞ እንዲመጣ ይፈቅዳል። ያ ሰው እርስዎ ነዎት። እንደሚመጡ ለትምህርት ቤቱ ቀድመው ያሳውቁ።

ከስብሰባው በፊት ሻይ እየጠጡ ሦስት ነገር በወረቀት ያስፍሩ፦ ልጁ የሚወደውና የሚችለው ምንድን ነው? ወላጆቹን በጣም ያስጨነቀው ምንድን ነው? በዚህ ዓመት እንዲችል የሚፈልጉት አንድ ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል። ይጠብቁ። «ሽንት ቤት መሄድ እንዲችል» ወይም «ሲያመው እንዲነግረኝ» የሚል መልስ ይመጣል፤ ዕቅዱ ውስጥ መግባት ያለበትም እርሱ ነው።

እኛ መምህርን አክብረን ነው ያደግነው። መምህር ሲናገር አናቋርጥም፣ ዓይን ለዓይን አናይም፣ ሳይገባን ራሳችንን እንነቀንቃለን። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይህ ሁሉ «ተስማምተዋል» ተብሎ ይጻፋል። ወላጆቹን አስቀድመው ሁለት ዓረፍተ ነገር ያለማምዷቸው፦ «ይህ አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» እና «ወረቀቱን ቤት ወስጄ አያለሁ»። በዚያው ቀን የመፈረም ግዴታ የለባቸውም፤ የመጀመሪያው አገልግሎት ደግሞ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይጀመርም። በሜሪላንድ የሚቀርቡት ሰነዶች ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀድመው ለወላጅ መድረስ አለባቸው። እዚያው ሜሪላንድ ቋንቋው ከአውራጃው ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ የሚነገር ከሆነ፣ ወላጅ ከጠየቀ፣ የተጠናቀቀው ዕቅድ በ30 ቀን ውስጥ ተተርጉሞ ይሰጠዋል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው።

እርስዎ ብዕርና ወረቀት ይዘው የሚያዩት ይህን ነው። ግቦቹ የሚቆጠሩ ናቸው? «መግባባቱ ይሻሻላል» ግብ አይደለም፤ «ውሃ ሲፈልግ ከ10 ጊዜ 8ቱን የውሃውን ሥዕል አንሥቶ ይሰጣል» ግብ ነው። የንግግር ሕክምናው በሳምንት ስንት ደቂቃ ነው? ለብቻው ነው በቡድን? አውቶቡስ ላይ ማን አብሮት ይሆናል? በበጋ የለመደውን እንዳይረሳ ትምህርቱ ይቀጥላል ወይ? ቃል የተገባው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ ወይ? በቃል የተነገረ ደግ ነገር መምህሯ ስትቀየር አብሮ ይሄዳል።

ካልተስማሙ ጠብ አያስፈልግም። ወላጅ በትምህርት ቤቱ ምርመራ ካልተስማማ በገለልተኛ ባለሙያ፣ በመንግሥት ወጪ እንዲደገም መጠየቅ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ወይ መክፈል፣ ወይ ምርመራው በቂ እንደነበር በሕግ ፊት ማስረዳት አለበት። ወላጅን በነፃ የሚያማክሩ ማዕከላትም በየግዛቱ አሉ፦ በዲሲ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤጁኬሽን፣ በሜሪላንድ ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ፒ.ኢ.ኤ.ቲ.ሲ.። ከስብሰባው በኋላ ሳይሆን ከስብሰባው በፊት ይደውሉላቸው።

6. አማርኛን ከቤት አታስወጡ

ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምጽፈው። ዛሬም አንዳንድ ባለሙያ ለወላጆች «ልጁ ግራ እንዳይጋባ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ይላል። ወላጆቹም ይታዘዛሉ። እናት በማታውቀው ቋንቋ፣ በተቆራረጠ ቃል ልጇን ማናገር ትጀምራለች፤ ዘፈኑ ይቀራል፣ ቁልምጫው ይቀራል፣ አያት ከአዲስ አበባ መጥታ ከልጅ ልጇ ጋር ዝም ብላ ትቀመጣለች። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ግን በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ኦቲዝም ያላቸው ልጆች በአንድ ቋንቋ ከሚያድጉት ይበልጥ እንደማይዘገዩ ነው የሚያሳዩት። ልጅ ቋንቋ የሚማረው አብዝቶ፣ አጣፍጦና ደጋግሞ ከሚያናግረው ሰው ነው። ያ ሰው አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ ቋንቋው አማርኛ ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ያሳጥሩ፤ «ና»፣ «በቃ»፣ «ስጠኝ»፣ «ጫማ»። ለተመሳሳይ ነገር ሁልጊዜ ያው ቃል ይሁን፤ አያትም፣ አባትም፣ ሞግዚትም ያንኑ ይበሉ። ከተናገሩ በኋላ በልብዎ እስከ አሥር ቆጥረው ይጠብቁ። ብዙ ልጅ መልሱ ሊወጣ ሲል ነው እኛ ሌላ ጥያቄ የምንደርብበት።

የሰሙትን መልሰው የሚሉ ልጆች አሉ። «ውሃ ትፈልጋለህ?» ተብሎ ስለሚጠየቅ ውሃ ሲጠማው «ውሃ ትፈልጋለህ» ይላል። ማላገጥ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። «ትፈልጋለህ አይባልም» ብሎ ከማረም ይልቅ ውሃውን እየሰጡ እርሱ ሊለው በሚገባው መልክ ይበሉለት፦ «ውሃ እፈልጋለሁ»። በአማርኛ ግሱ ተናጋሪውን ስለሚለይ ይህ ለእኛ ልጆች በተለይ ብዙ ድግግሞሽ ይጠይቃል።

ለማይናገር ልጅ ትምህርት ቤቱ በሥዕል ወይም በታብሌት የሚያናግር መሣሪያ ሊሰጠው ይችላል። ወላጆች «ይህን ከለመደ መናገሩን ይተዋል» ብለው ይፈራሉ፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ንግግርን እንደማያግድ የታወቀ ነው። የሚያሳዝነው ግን ታብሌቱ ላይ ፒዛና ማካሮኒ ብቻ መኖሩ ነው። የንግግር ባለሙያዋን እንጀራ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አያቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንድትጨምር ይጠይቋት፤ ፎቶውን ከቤት እርስዎ ያንሡላቸው፣ ድምፁን እናት በአማርኛ ትቅረጽ።

7. ገንዘብና የተራ መዝገብ

ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያለው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሐኪም አስፈላጊ ነው ያለውን ሕክምና፣ የኦቲዝም ሕክምናን ጨምሮ፣ የማግኘት መብት አለው። ባህርይ ላይ የሚሠራው ኤ.ቢ.ኤ. የሚባለው ሕክምና ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚቀርብላቸው ነው። ሲጀመር ገብተው የማየት መብታቸውን ይጠይቁ፤ ልጁ በየቀኑ እያለቀሰ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም እጁን ማርገብገቡን ለማስተው ብቻ ሰዓቱ የሚያልቅ ከሆነ፣ ግቡን ማስቀየር ይችላሉ።

ዌቨር የሚባለው ልጁ ቤቱ ሆኖ ረዳትና ለወላጅ እረፍት የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። በሜሪላንድ የኦቲዝም ዌቨር መዝገብ ላይ የሚጠበቀው በዓመታት ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ በወጣ ሳምንት ይመዝገቡ። በቨርጂኒያ በአውራጃው ኮሚዩኒቲ ሰርቪስስ ቦርድ በኩል ነው፤ እዚያ ተራው የሚሰጠው በችግሩ አጣዳፊነት ስለሆነ ሁኔታቸው ሲባባስ፣ አንዱ ወላጅ ሲታመም ወይም ሥራ ሲያጣ፣ ደውለው ማሳወቅ አለባቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ለቤት ኪራይ ብለው የሚዛወሩ ቤተሰቦች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፦ ተራ ከግዛት ግዛት አይሻገርም። ከመዛወራቸው በፊት ይህን አስቡት በሏቸው።

ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለው የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ሊነሣ ስለሚችል፣ ጉዳያቸው ያላለቀላቸው ሰዎች ከማመልከታቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ። ፎርም ሞይ ወይም «እኔ አውቃለሁ» የሚል ወዳጅ አይበቃም፤ ደንቡ በየጊዜው ይቀየራል።

8. ቤተ ክርስቲያን፣ ድግስ፣ ከሀገር ቤት የሚመጣ ስልክ

ቤተሰቡ ጸበል ልንወስደው እንፈልጋለን ካለ አይከራከሩ። እምነታቸው በሌሊት የሚያቆማቸው ነው። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ሐኪም የሰጠው መድኃኒት፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ እንዳይቋረጥ፤ ልጁ በግድ እንዳይያዝ፣ እንዳይመታ፤ የሕክምና ቀጠሮው እንዳይዘለል። ልጁን የሚወድ ቄስ ካለ አስቀድመው ያናግሩት፤ ከመቅደሱ ፊት «ልጁ አልባለገም፣ ድምፁ በዝቶበት ነው» ብሎ አንድ ጊዜ ለምእመናን ቢናገር እናቲቱ ለዓመታት ትጠቀማለች።

ከበሮና ድምፅ ማጉያ ለሚያስጨንቀው ልጅ ጆሮ መሸፈኛ ይግዙለት፤ ወላጆቹ ተራ በተራ እንዲገቡ እርስዎ ግቢ ውስጥ አብረውት ይቁሙ። ድግስ ላይ ሁሉም ሊስመው ይመጣል፤ «በእጁ ሰላም በሉት» ብለው ቀድመው ይከልክሉለት። ጉርሻ እምቢ ሲል ስድብ አይደለም። የሚበላውን ከቤት ይዞ ቢመጣ ደጋሿ ቅር አይበላት።

ከአዲስ አበባ ደግሞ ይደወላል፦ «ላኩልን፣ እዚህ ሰው መሃል ሲሆን ይናገራል»። ጥሪው ከፍቅር ነው። ነገር ግን ልጁ ሲሄድ ትምህርቱም ሕክምናውም ይቋረጣል፣ የተራ መዝገቡም ሊጠፋ ይችላል። ሀገር ቤት ያሉት እንዲረዱት ከፈለጉ ስለ ዘሚ የኑስ ይንገሯቸው። የራሷን ልጅ ይዛ በአደባባይ የተናገረች፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረተች እናት ነበረች፤ ይህን ያደረገችው ልጆች በቤት ተደብቀው በሚቀመጡበት ጊዜ ነው። አያት የእርሷን ታሪክ ስትሰማ ከእኛ ይልቅ ታምናለች።

9. መጥፋትና ውሃ

ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ልጆች በር ከፍተው ይወጣሉ፤ ሲጠፉ ለሞት የሚዳርጋቸው በአብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ቅዳሜ ይመድቡና ከአባትየው ጋር በሩ ላይ ከፍ ያለ መቆለፊያና የሚጮህ ደወል ይግጠሙ። በሕንጻው አካባቢ ያለውን መዋኛ፣ ኩሬና ጅረት በእግር ዞረው ይመዝግቡ። የልጁን ፎቶ፣ ቁመት፣ የሚወደውን ነገርና የሚጠራበትን ስም በአንድ ገጽ አድርገው ለጎረቤትና ለፖሊስ ጣቢያው ይስጡ። ከጠፋ መጀመሪያ 911 ይደወል፤ ፍለጋው ከውሃው ይጀምር። ስሙ ሲጠራ ስለማይመልስ በመጣራት ብቻ አይገኝም። የዋና ትምህርት ደግሞ ቅንጦት አይደለም።

10. እረፍት

«ካስፈለገሽ ደውይልኝ» አይበሉ፤ አትደውልም። «ማክሰኞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት እኔ አለሁ» ይበሉ። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት። ልጁ ለውጥ ስለሚከብደው መጀመሪያ እናቱ ባለችበት ደጋግመው ይምጡ፤ ከዚያ እርሷ ሌላ ክፍል ትተኛ፤ ከዚያ ትውጣ። ሌሎቹን ልጆች አይርሱ፤ ታላቅ እህቱን ለብቻዋ ይዘዋት የሚወጡበት ቀን ይኑር። አባቶችን ደግሞ አባቶች ያናግሯቸው። ብዙው አባት በሥራ ብዛት ይሸሸጋል፤ ቡና ጋብዞ ስለ ልጁ የሚጠይቀው ወንድ ጓደኛ ያስፈልገዋል።

11. ከ16 በኋላ

የፌዴራሉ ሕግ ልጁ 16 ሲሞላው ከትምህርት በኋላ ስላለው ሕይወቱ ዕቅድ እንዲኖር ያዛል፤ ስብሰባው ላይ ካልተነሣ ያንሡት። 18 ሲሞላው በሕግ ራሱን ችሎ እንደ አዋቂ ይቆጠራል፤ ወላጆች ስለ ሕክምናው መጠየቅ እንኳ ሊከለከሉ ስለሚችሉ፣ ከልደቱ አንድ ዓመት ቀድመው በውሳኔ የሚያግዙበትን መንገድ ወይም ሕጋዊ ሞግዚትነትን በተመለከተ ጠበቃ ያናግሩ። በ18 ዓመቱ ለኤስ.ኤስ.አይ. የወላጅ ገቢ መቆጠሩ ስለሚቀር፣ ቀድሞ በገቢ ምክንያት የተከለከለ ቤተሰብ እንደገና ማመልከት ይችላል። ትምህርት ቤቱ ከ21 ወይም 22 ዓመት በኋላ ስለሚያበቃ፣ የአዋቂዎች አገልግሎት ማመልከቻው ልጁ ገና ትምህርት ቤት እያለ መግባት አለበት፤ ለዚያ የሚጠየቀው ወረቀት ደግሞ አብዛኛው ያ ማኅደር ውስጥ አለ።